«እሠራ ነበር» እና «ለምጃለሁ» በእንግሊዝኛ፦ «ዩስቱ»ን ሳያምታቱ የመጠቀሚያ መመሪያ

ማታ ማታ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ሰዎችን እንግሊዝኛ አለማምዳለሁ። እንደዚህ ጥያቄ የሚደጋገምብኝ የለም፦ «ይሄ "ዩስቱ" የሚባለው ነገር "ነበር" ማለት ነው ወይስ "ለመድኩ"?» መልሱ ሁለቱንም ነው። ሰው የሚደናገረውም ለዚህ ነው። ሁለቱን ትርጉሞች የሚለያቸው ከፊቱ እና ከኋላው የሚመጣው ነገር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ።

ወደ ሥራው ሳንገባ አንድ ነገር። የእንግሊዝኛውን አረፍተ ነገር እዚህ የጻፍኩት በድምፁ፣ በራሳችን ፊደል ነው። ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ዲ ነው፤ ከዚያ ቱ ይከተላል። እንደተጻፈ ካነበባችሁት «ዩዝድ ቱ» ትላላችሁ። ሰው ሲናገረው ግን «ዩስቱ» ይሆናል፤ ዝ ወደ ስ ይለወጣል፣ ድ ይዋጣል። ይህን ድምፅ ካላወቃችሁት ፊታችሁ ቢነገርም አትሰሙትም። ደብተራችሁ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተር። ስልክ ላይ አትጻፉ። ስልክ ቀጣዩን ቃል ራሱ ስለሚጠቁማችሁ ስህተታችሁን አታዩትም።
- ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ አንዱ ለ«ነበር»፣ አንዱ ለ«ለመደ»።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ከራሳችሁ ሕይወት የተወሰዱ 10 የአማርኛ አረፍተ ነገሮች። አምስቱ ድሮ ታደርጉት የነበረ ነገር፣ አምስቱ የለመዳችሁት ወይም መልመድ ያቃታችሁ ነገር። ከመጽሐፍ አትገልብጡ። የራስ ጉዳይ ሲሆን አፍ ላይ ቶሎ ይመጣል።
- አንድ ሰዓት ገደማ፣ በሁለት ቀን ተከፍሎ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አማርኛውን ለዩ

እንግሊዝኛውን ገና አትንኩት። በ10ሩ አረፍተ ነገሮች ላይ «ነበር»፣ «ነበርኩ»፣ «ነበረኝ» የሚሉትን በአንዱ ቀለም አስምሩ። «ለመድኩ»፣ «ለምጃለሁ»፣ «አልለመድኩም» የሚሉትን በሌላው። ይህን የምታደርጉት ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከምርጫው ስለሆነ ነው። ምን ማለት እንደፈለጋችሁ ሳትወስኑ «ዩስቱ» ካላችሁ፣ የቀረው ሰዋስው ትክክል ቢሆንም የወጣው ሐሳብ ሌላ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ «ነበር»ን አጣሩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የኛ «ነበር» ብዙ ሥራ ይሠራል። እነዚህን ሦስቱን ተመልከቱ፦

ሀ. ስትደውዪልኝ ምሳ እበላ ነበር።
ለ. ተማሪ እያለሁ እዚያ ቤት ምሳ እበላ ነበር።
ሐ. ርቦኝ ቢሆን ኖሮ እበላ ነበር።

ሦስቱም ላይ «እበላ ነበር» አለ። በእንግሊዝኛ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለመለየት ሁለት ፈተና አለ።

የመጀመሪያው፦ «እየ» አስገቡበት። «ስትደውዪልኝ ምሳ እየበላሁ ነበር» ቢባል ትርጉሙ አልተለወጠም። ስለዚህ ይሄ በዚያች ቅጽበት እየተካሄደ የነበረ ነገር ነው፦ «አይ ወዝ ኢቲንግ ላንች»። እዚህ «ዩስቱ» አይገባም።

ሁለተኛው፦ ከፊት «ድሮ»፣ ከኋላ «አሁን ግን ቀርቷል» ጨምሩበት። «ድሮ እዚያ ቤት ምሳ እበላ ነበር፣ አሁን ግን ቀርቷል።» ልክ ገባ። የ«ዩስቱ» ቦታ ይሄ ነው፦ «አይ ዩስቱ ኢት ላንች ዜር»።

ሐ ላይ ሁለቱም ፈተናዎች አይሠሩም። «ቢ» እና «ኖሮ» ካያችሁ ያልሆነ ነገር ነው የምታወሩት፦ «አይ ዉድ ሃቭ ኢትን»። እሱን ለሌላ ቀን ተዉት፤ ከደብተራችሁም ሰርዙትና በሌላ ተኩት።

«ነበርኩ» እና «ነበረኝ»ም በሁለተኛው ፈተና ካለፉ እዚሁ ይገባሉ። «ሾፌር ነበርኩ» ሲሆን «አይ ዩስቱ ቢ አ ድራይቨር»። «ሱቅ ነበረኝ» ሲሆን «አይ ዩስቱ ሃቭ አ ሾፕ»። «ቢ»ን እንዳትረሷት። ሰው የሚረሳት በአማርኛ «ነበርኩ» ብቻዋን ስለምትበቃ ነው። በእንግሊዝኛ «ዩስቱ» ግሱን አይተካም፤ ግሱ ራሱ መኖር አለበት።

ደረጃ 3፦ የ«ነበር»ን አረፍተ ነገር ሥሩ

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለቤቱ፣ ከዚያ «ዩስቱ»፣ ከዚያ ምንም ያልተጨመረበት ግስ።

አይ ዩስቱ ዎርክ ኢን አ ባንክ።
ሺ ዩስቱ ዎርክ ኢን አ ባንክ።
ዜይ ዩስቱ ዎርክ ኢን አ ባንክ።

ባለቤቱ ማንም ቢሆን ምንም አይለወጥም። ግሱ ላይ «ኢንግ» የለም፣ ያለፈ ጊዜ ምልክትም የለም። ምክንያቱም ያለፈውን ጊዜ «ዩስቱ» ይዞታል። «አይ ዩስቱ ዎርክድ» ካላችሁ «ሠራሁ እሠራ ነበር» እንደማለት ነው፤ አንዱን ነገር ሁለቴ አላችሁት።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ «ዩስቱ» ሲባል የሚሰማው ሰው «አሁን ቀርቷል» ብሎ ይረዳል። አሁንም ለምታደርጉት ነገር በፍጹም አትጠቀሙበት። ብዙ ሰው «ሁልጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ» ለማለት «ዩስቱ» ይላል። «ልማዴ ነው» ብሎ በማሰብ መሆኑ ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የውጭ አገር አለቃዬን «አይ ዩስቱ ካም ኧርሊ» አልኳት። «ታዲያ ለምን አቆምክ?» አለችኝ።

ይሄ ያስቃል። ሐኪም ቤት ሲሆን ግን አያስቅም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ስትባሉ «አይ ዩስቱ ቴክ ዚስ ሜዲስን» ካላችሁ ሐኪሙ «አቁሟል» ብሎ ነው የሚጽፈው። በየቀኑ እየወሰዳችሁ ከሆነ «አይ ቴክ ዚስ ሜዲስን ኤቭሪ ዴይ» በሉ። ለአሁን ልማድ ተራው የአሁን ጊዜ ግስ ይበቃል። «ብዙውን ጊዜ» ማለት ከፈለጋችሁ «ዩዡዋሊ» የሚለውን ጨምሩ፦ «አይ ዩዡዋሊ ካም ኧርሊ»።

ደረጃ 4፦ አሉታውና ጥያቄው

«ድሮ ቡና አልወድም ነበር» — «አይ ዲድንት ዩስቱ ላይክ ኮፊ»።
«ድሮ እዚህ ትኖር ነበር?» — «ዲድ ዩ ዩስቱ ሊቭ ሂር?»

እዚህ ጋ የአጻጻፍ ወጥመድ አለ። «ዲድ» ከገባ በኋላ ከቃሉ መጨረሻ ላይ ዲ ይወድቃል፤ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ ብቻ ይቀራል። ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለወሰደው ነው። በድምፅ ግን ምንም አይለወጥም፤ ያም «ዩስቱ» ነው፣ ይሄም «ዩስቱ» ነው። ስለዚህ ጆሮ አይረዳችሁም፤ ስትጽፉ በዓይን ነው የምትጠነቀቁት። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎችም ይሳሳቱበታል። ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስቆርጣል።

«ዲድንት» ከከበዳችሁ «አይ ኔቨር ዩስቱ ላይክ ኮፊ» ማለትም ይቻላል። እዚህ ዲ አይወድቅም፣ ምክንያቱም «ዲድ» የለም።

ደረጃ 5፦ ቁጥር ካለ «ዩስቱ»ን አውጡት

«ጅማ ሦስት ዓመት ኖርኩ» ሲሆን «አይ ሊቭድ ኢን ጅማ ፎር ስሪ ይርስ» ነው። «አይ ዩስቱ ሊቭ ኢን ጅማ ፎር ስሪ ይርስ» አይባልም። «ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ» ሲሆንም እንዲሁ። «ዩስቱ» የሚናገረው ስንት ጊዜ ወይም ምን ያህል እንደቆየ ስላልተቆጠረ ዘመን ነው። ከቆጠራችሁት ተራ ያለፈ ጊዜ ተጠቀሙ። «ተማሪ እያለሁ» ወይም «ልጅ ሆኜ» ቢገባበት ግን ምንም ችግር የለም።

ደረጃ 6፦ «ለምጃለሁ»ን ሥሩ

አሁን ሁለተኛውን ቀለም አንሱ። አሠራሩ ይሄ ነው፦ ባለቤቱ፣ ከዚያ «አም»፣ «ኢዝ» ወይም «አር»፣ ከዚያ «ዩስቱ»፣ ከዚያ ስም ወይም «ኢንግ» ያለበት ግስ።

ብርዱን ለምጃለሁ — አይም ዩስቱ ዘ ኮልድ።
ብቻዬን መሥራት ለምጃለሁ — አይም ዩስቱ ዎርኪንግ አሎን።

የኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው። «አይም ዩስቱ ዎርክ አሎን» ይላል። ምክንያቱ «መሥራት» ናት። በአማርኛ «መ» ያለበት ቃል ሁሉንም ቦታ ይሸፍናል። «መሥራት እፈልጋለሁ» እንላለን፣ «መሥራት ለምጃለሁ» እንላለን፣ «መሥራት ጥሩ ነው» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን አንዳንዴ «ቱ ዎርክ»፣ አንዳንዴ «ዎርኪንግ» ይላል። እዚህ ደግሞ «ቱ» ተዘጋጅታ ስለተቀመጠች አፍ ሳያስበው ግሱን ጥሬውን ይለጥፍባታል።

ይህቺ «ቱ» ግን የግስ «ቱ» አይደለችም። «ከብርዱ ጋር ተላምጃለሁ» ስንል «ከ… ጋር» የሚሠራውን ነው የምትሠራው። «ከ… ጋር» ስም ነው የሚፈልገው። «ከመሥራት ጋር» ይባላል እንጂ «ከሠራ ጋር» አይባልም። ግስን ስም የሚያደርገው በእንግሊዝኛ «ኢንግ» ነው።

የምትጠራጠሩ ከሆነ በግሱ ቦታ አንድ ስም፣ ለምሳሌ «ዘ ኮልድ»ን፣ አስገቡ። «አይም ዩስቱ ዘ ኮልድ» ትርጉም ይሰጣል፤ ስለዚህ ግስም ሲመጣ «ኢንግ» ይዞ ነው። «አይ ዩስቱ ዘ ኮልድ» ግን ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ እሱ ጥሬ ግስ ነው የሚፈልገው።

ሌላው ጊዜው ነው። «ለምጃለሁ» የምንለው ያለቀ ነገር እያስመሰልን ነው፤ የምናወራው ግን ስላሁን ነው። እንግሊዝኛው ፊት ለፊት የአሁን ጊዜ ያደርገዋል። ጊዜው የሚለወጠው «አም»፣ «ኢዝ» ላይ ብቻ ነው፤ «ዩስቱ» አይነካም።

ለምጃለሁ — አይም ዩስቱ ኢት።
አልለመድኩትም — አይም ኖት ዩስቱ ኢት።
ለምጄው ነበር — አይ ወዝ ዩስቱ ኢት።

ከኢትዮጵያ ሄዶ ለንደን ላይ መንዳት የጀመረ ሰው የሚላት አረፍተ ነገር አለች፦ «አይም ኖት ዩስቱ ድራይቪንግ ኦን ዘ ሌፍት»። እኛ በቀኝ እንነዳለን፣ እነሱ በግራ። ይህቺን በቃል ያዟት፤ «ኖት»ም «ኢንግ»ም አንድ ላይ አሉባት።

ሰዓት ካለበት ደግሞ ተጠንቀቁ። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ለምጃለሁ» ሲሆን «አይም ዩስቱ ዌኪንግ አፕ አት ፋይቭ» ነው። «አት ኢለቨን» ካላችሁ ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ረፋድ ላይ የምትነሱ ሰነፍ ትሆናላችሁ።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የምንላት ጦጣ «ሺ ኢዝ ዩስቱ ስቲሊንግ» ናት። «ሺ ዩስቱ ስቲል» ካላችሁ ንስሐ ገብታለች ማለት ነው። ልዩነቱን የረሳ ተማሪ ሳገኝ «ጦጣዋስ?» ብቻ ነው የምለው፤ ይበቃዋል።

ደረጃ 7፦ ለመልመድ ሂደቱ «ጌት» አስገቡ

«አም» የሚናገረው ስለደረሳችሁበት ነው። «ጌት» ስለመንገዱ ነው። በአማርኛ «እየለመድኩ» ወይም «እለምደዋለሁ» ካላችሁ «ጌት» ያስፈልጋችኋል።

እየለመድኩት ነው — አይም ጌቲንግ ዩስቱ ኢት።
ለመድኩት — አይ ጎት ዩስቱ ኢት።
ትለምደዋለህ — ዩል ጌት ዩስቱ ኢት።
ልለምደው አልቻልኩም — አይ ካንት ጌት ዩስቱ ኢት።

ከ«ጌት ዩስቱ» በኋላም ስም ወይም «ኢንግ» ነው። ሚኒሶታ ለገባ ሰው «ዩል ጌት ዩስቱ ዘ ስኖው»፣ ዱባይ ለገባ «ዩል ጌት ዩስቱ ዘ ሂት»።

ደረጃ 8፦ ሦስተኛውን መሳይ ለዩ

«ቢላ ዳቦ ለመቁረጥ ያገለግላል» — «አ ናይፍ ኢዝ ዩዝድ ቱ ከት ብሬድ»። በጽሑፍ ፍጹም ይመሳሰላል። በድምፅ ግን ዝ እና ድ ይሰማሉ። ይሄ «መጠቀም» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ባለቤቱ ዕቃ ከሆነና በአማርኛ «ያገለግላል» ብላችሁ ልትተኩት ከቻላችሁ እሱ ነው፤ ቀጥሎም ጥሬ ግስ ይመጣል። ቢላው ምንም አልለመደም።

ደረጃ 9፦ ቅዱና በማግስቱ ስሙት

10ሩን አረፍተ ነገሮች ሦስት ሦስት ጊዜ እየተናገራችሁ ቅዱ። ወዲያው አትስሙት፤ ልትሉት ያሰባችሁትን እንጂ ያላችሁትን አትሰሙም። በማግስቱ ስትሰሙ ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ። «ዩስቱ» ነው ወይስ «ዩዝድ ቱ» ያልኩት? «አይም» ካልኩ በኋላ «ኢንግ» አለ? «አይ» ብቻ ካልኩ በኋላ ግሱ ጥሬ ነው?

ሰው ሲያወራም እንዲሁ ነው። ሲፈጥን «አይም» እና «አይ» የሚለያዩት በአንዲት ም ነው፣ እሷም ትጠፋለች። መጨረሻውን አድምጡ፤ «ኢንግ» ከሰማችሁ ሰውየው ለምዷል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- «አይ ዩስቱ ዎርኪንግ ሂር»። በጣም የተለመደው ነው። ሁለቱ አሠራሮች ተደባልቀዋል። ወይ «አይም» በሉ ወይ «ኢንግ»ን አንሱ። የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ አማርኛው ነው።
- «አይም ዩስቱ ሊቭ ኢን መቀሌ»፣ እኖር ነበር ለማለት። «አም»ን አውጡት።
- «አይ ዩስ ቱ ጎ ቱ ቸርች ኤቭሪ ሰንዴይ»፣ አሁን እሄዳለሁ ለማለት። «ዩስቱ» የአሁን ጊዜ የለውም። «አይ ጎ ቱ ቸርች ኤቭሪ ሰንዴይ» በቂ ነው።
- «ዩስቱ»ን ያለማቋረጥ መደጋገም። ስለ ልጅነት ስታወሩ አንዴ «ዩስቱ» ካላችሁ በኋላ ለተደጋጋሚ ድርጊቶች ወደ «ዉድ» መሻገር ይቻላል፦ «ዊ ዉድ ፕሌይ ኢን ዘ ስትሪት»። ግን ድርጊት ላይ ብቻ። «አይ ዉድ ሃቭ አ ዶግ» ካላችሁ «ውሻ ነበረኝ» አይሆንም። ለነበረን ነገርና ለሁኔታ «ዩስቱ» ላይ ቆዩ።

መሞከሪያ

መልሱን ሳታዩ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

1. ድሮ ሲጋራ አጨስ ነበር።
2. ስትመጣ ልብስ አጥብ ነበር።
3. ጫጫታ ለምጃለሁ።
4. ማታ መሥራት አልለመድኩም።
5. ሐዋሳ ሁለት ዓመት ሠራሁ።
6. አባቴ አስተማሪ ነበር።

መልስ፦

1. አይ ዩስቱ ስሞክ።
2. አይ ወዝ ዎሺንግ ክሎዝስ። («እያጠብኩ ነበር» ይገባል።)
3. አይም ዩስቱ ኖይዝ።
4. አይም ኖት ዩስቱ ዎርኪንግ አት ናይት።
5. አይ ዎርክድ ኢን ሐዋሳ ፎር ቱ ይርስ።
6. አባታችሁ በሕይወት ካሉና ሥራ ቀይረው ወይም ጡረታ ወጥተው ከሆነ፣ «ማይ ፋዘር ዩስቱ ቢ አ ቲቸር»። ካረፉ ግን «ማይ ፋዘር ወዝ አ ቲቸር» ማለት ይሻላል። «ዩስቱ» ካላችሁ ሰሚው «አሁንስ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል።